እኔ ዓሣ አይደለሁም

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ ጠዋት
ከቤታችን ግቢ

ለምትናፍቀኝም ለምታናድደኝም ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንተ ስለ ጤናህ ስትጠየቅ ትኩሳት ይዞህ እንኳ «ደህና» ስለምትል ጥያቄውን ትቼዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ግን ተቀምጬ እንዳይመስልህ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ቆሜ ነው፤ ወረቀቱን የመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግቼ። ጠረጴዛ ጠፍቶ ሳይሆን መቀመጥ አቅቶኝ ነው። ደብዳቤውን ላመጣልህ ሹፌር ውሃ ስጠው፤ ከዚያ ወንበር ፈልግና እስከ መጨረሻው አንብብ። መሃል ላይ «አይ እሷ» ብለህ እንዳታጥፈው። መቼም አንተን አውቅሃለሁ።

ልጃችን አግብታ ከወጣች፣ አንተም ግሬደርህን ይዘህ ወደ መንገድ ሥራው ከሄድክ ወዲህ ቤቱ አላስቀምጥ አለኝ። ሳሎን ስገባ ጓዳ ያምረኛል፤ ጓዳ ስገባ ግቢ። የስፌት መኪናዬ ፊት እቀመጥና ክሩን እንኳ ሳላስገባ እነሳለሁ። ቀልቤ ከኔ ጋር ስላልነበረ የአንዷን ደንበኛዬን የወገብ ልክ ለሌላዋ ሰፍቼ፣ ቀጭኗ ቀሚሷን ለብሳ «እህቴንም ይዤ ልግባበት?» ብላ ሳቀችብኝ። ልጅህ በስልክ «እማዬ፣ አርፈሽ ተቀመጪ እስቲ» ትለኛለች። አርፌ ልቀመጥ ስል ደግሞ ስትሄድ በር ላይ ያልከኝ ትዝ ይለኛል። «ነይ አብረን እንሂድ ብልሽ መች ትመጫለሽ፤ አንቺ ወንበርሽ ላይ ተሰፍተሻል» አልከኝ። ስቀህ ነው ያልከው፤ እኔም ሳቅሁ። በሩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንጀቴ ቅጥል አለ።

እንደ እኔ ሥራ ፈትቶ የቆመ ግቢ ጥግ ያለው ጂፕህ ብቻ ነበር። ከወንበሮቹ ጀመርኩ። ልብስ ሰፊ አይደለሁ፤ የማውቀው እሱን ነው። የሹፌሩን ወንበር ትከሻና ወገቡን እንደ ሰው ለክቼ፣ በሳሙና ስባሪ አስምሬ ከወፍራም ሸራ ልብስ ሰፋሁለት። ከጎኑ የካርታ ኪስ፣ ከጀርባው የውሃ ኪስ አበጀሁለት። ሥራው ሲያምርልኝ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። በዚህ መኪና ለምን አንተ ጋ አልሄድም? መንጃ ፈቃዱ እንደሆነ አለኝ፤ ካንተ እኩል ነው ያወጣሁት። ከዚያ ወዲህ መሪው የአንተ፣ በመስኮት ማየቱ የኔ ሆኖ ቀረ እንጂ።

«ልምጣ ወይ?» ብዬ በስልክ ጻፍኩልህ። «መንገዱ ጭቃ ነው» አልክ። ጎረቤታችንን ብሎንን ጠራሁት። ብሎን ማለት ከጋራዥ ሥራው ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የሚፈታ ነገር አጥቶ የገዛ አልጋውን እየፈታ የሚገጥም ሰው ስለሆነ ሁለተኛ አላስጠራኝም። ጭቃ የሚነክሱ፣ ጥርሳቸው የወጣ ጎማዎች አስገባን። «ማታ ማታ ድቅድቅ ጨለማ ነው» አልክ። ጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ አሰርን፣ ከፊት ለፊቱ መብራት ደረደርንበት። «ከብቱ ሁሉ መንገድ ላይ ነው የሚተኛው» አልክ። ከፓራውልቱ ፊት የብረት መከላከያ በየድን። አንተ ሰበብ በላክ ቁጥር እኔ ዕቃ እገጥማለሁ። በየመሃሉ ብሎንን ከጎኔ አስቀምጬ ሠፈሩን እየዞርኩ እጄን አፍታታለሁ። «ባልሽ ሁለት ሰበብ ከጨመረ ይሄ መኪና ታንክ ይሆናል» አለኝ። ሳቅሁ እንጂ ነገሩ ሆዴ ገብቶ ቀረ። ጭቃው የመንገዱ ነው ወይስ የሱ የራሱ እያልኩ መብሰልሰል የጀመርኩት ያኔ ነው።

እጄ እረፍት እንዲያጣ ብዬ ወደ ማስዋቡ ዞርኩ። በግራ በኩል ያለውን ጭረት፣ አንተ የግቢው በር ላይ አሽተኸው በኔ ያሳበብከውን፣ በስቲከር ልሸፍነው አሰብኩ። ሰማያዊና ነጭ ጥቅልል አመጣሁ፤ ወረቀት ላይ ቅዱን አውጥቼ በጨርቅ መቀሴ ቆረጥኩት። የመጀመሪያው ተጨማደደብኝ። የተጨማደደ ነገር ሳይ እጄ ሳያስበው ወደ ካውያ ይሄዳል፤ ተኮስኩት። ሽታው ለሦስት ግቢ ተረፈ። የብሎን ሚስት አፍንጫዋን ይዛ መጥታ አለጣጠፉን አሳየችኝ። ላሜራውን በሳሙና ውሃ ማርጠብ፣ ስቲከሩን በላዩ ማንሳፈፍ፣ ከዚያ በጨርቅ በተጠቀለለ ካርድ ውሃውን ከመሃል ወደ ዳር እየገፉ ማስወጣት ነው፤ ማዕዘን ላይ እምቢ ሲል በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ። ብታየው ትወደዋለህ። ከፊት በር ተነሥቶ እስከ ኋላው ጎማ የሚሄድ ሰማያዊ ጥለት አለው፤ ጭረቱ የት እንደነበር እኔም ጠፍቶኛል።

እንግዲህ ያ መልእክትህ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ስልኬ ላይ ስለሆነ ቃል በቃል ልጻፍልህ። «እስከ ወፍጮ ቤቱ ጭቃ ነው። ከዚያ በኋላ ዋና ነው። እንደፈለግሽ።»

ዋና። እዚያው ደሜ ፈላ። ጭቃው፣ ጨለማው፣ ከብቱ አልበቃ ብሎ ጭራሽ በዋና? ሰውዬው እንዳልመጣበት ወንዝ ፈጠረብኝ አልኩ። «እንደፈለግሽ» የምትለዋ ደግሞ ብትሰምጪም የራስሽ ጉዳይ የምትል መሰለችኝ። ሁለት ጊዜ እንኳ ሳላስብ «እኔ ዓሣ አይደለሁም» ብዬ ላክሁልህ። አንተም «እሺ» አልክ። እሺ ብቻ። ከዚያ ወዲህ ስልክህ አይሠራም፣ መልእክት የለም፣ ጭጭ።

ሌላዋ ሴት ብትሆን አልቅሳ ትተወው ነበር። እኔ ግን ታውቀኛለህ፣ ስናደድ ሥራ ይወጣልኛል። ብሎንን ውሃ የሚያሻግር ነገር ምን አለ ብዬ ጠየቅሁት። ከኮፈኑ ጎን ወጥቶ እስከ ጣሪያው የሚቆም ቱቦ አለ፤ መኪናው ወንዝ ውስጥ ሲገባ ሞተሩ በሱ በኩል ይተነፍሳል። ብሎን «አፍንጫ» ይለዋል። እሱን ለመግጠም ግን የፊት ጎማውን የሚሸፍነው ፓራፋንጎ መበሳት አለበት። እዚህ ላይ ብሎን ቀዘቀዘ። «አንቺ፣ አንዴ ከተበሳ አይመለስም። ባልሽ ይሄን መኪና ሰው አያስነካም» አለ። መብሻውን ተቀብዬ ራሴ በሳሁት። ጨርቅ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ ስሠራ ዳሩን እንደምዘመዝም፣ የዚህንም ዳሩን በጎማ ዘመዘምኩት። አዎ፣ ፓራፋንጎህን በስቼዋለሁ። አሁን አትነሳ፣ ተቀመጥና አንብብ።

በተረፈው ሰማያዊ ስቲከር ደግሞ አንድ ትልቅ ዓሣ ቆርጬ የኋላው በር ላይ ለጠፍኩ። ለንዴቴ መወጫ ነው እንጂ ለጌጥ አልነበረም። አፉን ከፍቶ የሚሳደብ ዓሣ ነው። የብሎን ሚስት «ቁርጥ አንቺን» አለችኝ።

ትናንት ከሰዓት የጭነት መኪናውን የጋቢና መጋረጃ ያሰፋኝ ሹፌር ሊወስድ መጣ። ሲሚንቶ የሚያመላልስ ነው፤ የት እንደሚያመላልስ እኔም ጠይቄው አላውቅም፣ እሱም ነግሮኝ አያውቅም። መጋረጃውን ሳጣጥፍለት እሱ ጂፑን እየዞረ ያያል። ዓሣው ጋ ሲደርስ ቆመና ዓሣ ልታጠምጂ ነው እንዴ አለኝ። ንዴቴ ገና አልበረደም ነበርና ባሌ ያለበት ቦታ ከወፍጮ ቤቱ በኋላ መንገዱ ውሃ ስለሆነ ነው አልኩት። የትኛው ወፍጮ ቤት አለ። ነገርኩት።

«የምን ውሃ?» አለ። «ከወፍጮ ቤቱ በኋላ እኮ ጠብታ ውሃ የለም። ዋና መንገድ ነው። ሰሞኑን ተሠርቶ አለቀ፣ መስታወት በይው።»

ዋና ሲል ጠብቆ ወጣ። መጋረጃው ከእጄ ወደቀ። ፊደሉ እንደሆነ አንድ ነው፤ አንተ አጥብቀህ ጻፍከው፣ እኔ አላልቼ አነበብኩት። አንተ የሠራኸውን መንገድ ልታሳየኝ ስትል እኔ ወንዝ ውስጥ ገባሁ።

ሹፌሩም እኔን ትቶ ዓሣውን፣ ዓሣውን ትቶ እኔን ያያል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ያ የግሬደር ኦፕሬተር ባልሽ ነው እንዴ አለኝ። ነው አልኩ። ሳቁን መያዝ አቅቶት ከጂፑ የወጣው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ለካ ሲሚንቶውን የሚያራግፈው እናንተ ካምፕ ነው፤ ካምፑ ሙሉ ደግሞ በኔ ዓሣ ሲወያይ ነው የከረመው። ሚስቴ ዓሣ አይደለሁም አለችኝ፣ ምን ማለቷ ነው ብለህ ያልጠየቅከው ሰው የለም። አንዱ መንጠቆ አትጣልብኝ ማለቷ ነው አለህ። ወጥ ቤት የምትሠራዋ ዓሣ ግዛልኝ ማለቷ ይሆናል አለች። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ እንባዬ እስኪመጣ። ከዚያ ግን ሳቁን ገታ አድርጎ፣ «እሱ ግን አልመጣም ማለቷ ነው አለና ነገሩን ዘጋው» አለኝ። «ከዚያ ወዲህ የቤቱን ወሬ አንስቶ አያውቅም። ካምፑ ከተራራው ጀርባ ስለዞረ ስልክም የለም። ለቀጣዩ መንገድ ፈርሟል፤ ቅዳሜ ግሬደሮቹ ወደ ማዶ ይሻገራሉ፣ እሱም አብሯቸው ነው።»

ማዶ ማለት የትናየት እንደሆነ አላውቅም፤ ሹፌሩም እዚያ አይደርስም። አንተ ለመሄድ የፈረምከው እኔ አልመጣም ያልኩህ መስሎህ ነው፤ እኔ እንዲያ ያልኩህ አንተ አትምጪ ያልከኝ መስሎኝ ነው። ሁለታችንም እሺ ተባብለን ልንለያይ ነበር። ይህን ሳስብ ትናንት ቆሜም መቆም አቃተኝ፤ ግቢውን ስዞር አመሸሁ።

እርግጠኛ መሆን ግን አልቻልኩም። «ዋና»ህን አሁን በትክክል አንብቤዋለሁ። «እንደፈለግሽ»ህን ግን እንዴት እንደማነበው እስካሁን አላወቅሁም። ብትመጪ ደስ ይለኛል ማለት ነው? ወይስ ብትመጪም ብትቀሪም ግድ የለኝም? እሷን ሹፌሩም አልፈታልኝም፣ ብሎንም አልፈታልኝም።

ስለዚህ አሁን የምልህን ልብ ብለህ ስማ። ይህን ስጽፍ ገና ግቢያችን ውስጥ ነኝ፤ ሹፌሩ ከበር ውጭ ሞተሩን እያሞቀ ነው። ስታነበው ግን እሱ ብቻውን አይደለም። ከኋላው ተከትዬው መጥቻለሁ። ዘበኞቹ ፈቃድ የሌለው መኪና እንደማያስገቡ ስለነገረኝ ከካምፑ በር ውጭ ቆሜያለሁ። በሩ ድረስ መጥቼ ደብዳቤ መላኩን ምን አመጣው ትል ይሆናል። ፊት ለፊት ብንገናኝ አንተ ፓራፋንጎውን አይተህ ትጮኻለህ፣ እኔም አልተውህም፣ ዋናው ነገር ሳይነገር ይመሻል። ይቺን እንኳ አደራ፣ አጥብቀህ አንብባት።

ዋናው ነገር ናፍቀኸኛል። ማታ በር ሲንኳኳ ልቤ ዘሎ ይነሳል፣ ሰውየው አንተ አለመሆንህን ሳይ ሰላምታ እንኳ ይጠፋኛል። ፖርቶመጋላው ላይ በሸራ ተጠቅልሎ የታሰረው ነገር የስፌት መኪናዬ ነው። ማዶም ሰው ልብስ ይቀደድበታል መቼም። የቤቱን ቁልፍ ለብሎን ሚስት ሰጥቻለሁ፤ ልጅህም አውቃለች፣ አልቅሳም ስቃም መርቃኛለች።

ካልፈለግከኝ መጥተህ ልታስረዳኝ አትድከም። ደብዳቤውን አጥፈህ ለሹፌሩ መልስለት፤ እሱን ይዞ ሲወጣ ካየሁ ይገባኛል። የመመለሻ ነዳጅ ከኋላ በጀሪካን አስሬያለሁ። አልሰድብህም፣ ለሰውም አልከስህም፣ ዞሬ እሄዳለሁ። ፈጣሪ እጅህን ከብረት፣ ዓይንህን ከአቧራ ይጠብቅልኝ፤ የምትጠርገው መንገድ ሁሉ ሰላም ይሁን፤ ይህን ምርቃት በየትኛውም በኩል ብንለያይ አላነሳብህም።

ብትፈልገኝ ግን መልስ እንዳትጽፍልኝ። አንተ ጽፈህልኝ እኔ አንብቤ የሆነውን አይተናል። ሞተሩን አላጠፋሁትም። መጥተህ አጥፋው።

ሚስትህ