በባልዲ የተቀመጠው ውሃ

ውድ እታለም፣

«ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ስለ ጤና ለመጠየቅ ምን አፍ አለኝ።

ትናንት እማማ ደውላ ነበር። ልጅሽ ሦስት ዓመት ሞልቷት ከ«እማ» ሌላ ቃል እንዳልወጣት፣ አንቺም «እርጉዝ ሆኜ ስለወደቅኩ ነው» እያልሽ ራስሽን እንደምትረግሚ ነገረችኝ። «ጭምቷ» ብዬ እየሳቅኩ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም እታለም። ውሃው ነው።

የድሮ ሰፈራችሁን የቧንቧ ውሃ ሳጠና፣ ከድሮው ቤታችሁ ናሙና ልቀዳ የመጣሁበት ጠዋት ትዝ ይልሻል? ደንባችን መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ማፍሰስ፣ ከዚያ መቅዳት ነው። አንቺ ባልዲ ይዘሽ እየሮጥሽ መጣሽ። «ተምረሽ ተምረሽ ውሃ መድፋት ሆነ ሥራሽ? አምጪው፣ የልጅቷን ወተት እበጠብጥበታለሁ። ሁልጊዜም የጠዋቱን ውሃ ነው የማስቀምጥላት።» እኔ ጠርሙሴን ሞልቼ ሄድኩ፤ አንቺ ባልዲሽን ከደንሽ። ውጤቱ ንጹህ ሆነ። «አይዞሽ፣ ጠጡት» አልኩሽ። «ደግሞ አፍልቼ ነው የምሰጣት» ስትዪኝ «ጎበዝ» አልኩሽ።

ከሁለት ወር በፊት ግን ለድጋሚ ናሙና ስሄድ የድሮ ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊዋ አላስፈስስም ብላ ድርቅ አለች። «ውሃ አይደፋም፤ ከፈለግሽ እንደመጣ ቅጂ።» ቀዳሁ። ቧንቧው ውስጥ ያደረ ውሃ ነበር፤ አሮጌው ቧንቧ እርሳስ የሚባለውን፣ የሕፃን አእምሮ የሚጎዳ መርዘኛ ብረት ለቆበታል፣ ከሚፈቀደው ሰባት እጥፍ። ለካ አምስት ደቂቃ ስናፈስ የምንደፋው መርዙን ነበር። ባንቺ ቤት ግን አልተደፋም። ማፍላትም ጀርም ይገድላል እንጂ እርሳስ አያወጣም።

ለአለቃዬ ብነግረው «በደንቡ ያልተቀዳ ናሙና ነው፣ ጣይው» አለኝ። ጣልኩት። ጥናቴ በስሜ ታትሞ ስለነበር ፈራሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ እያደር ሸተተ። ሁለት ወር ሙሉ አውቄ ዝም አልኩሽ። አፈርኩ ማለት አይበቃኝም፤ ራሴን ጠላሁት።

ዛሬ ጥናቱ እንዲሰረዝ ጽፌ፣ ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞሬ ተናገርኩ። ልብስ ሰፊዋ «ሁለት ወር?» ብላ በሩን ዘጋችብኝ።

አንቺ ዛሬ ነገ ሳትዪ ደሟን አስመርምሪ። ለሐኪሙ «እርሳስ» ብለሽ በስሙ ንገሪው፤ አለዚያ እሱን አይመረምርም። አሁን ባላችሁበት ቤትም ጠዋት መጀመሪያ የሚመጣው ውሃ ለወለል ማጠቢያ ይሁን እንጂ አፏ እንዳይደርስ። ከደሟ በመድኃኒት የሚወጣ ይኖራል። የተጎዳው ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽሽም።

ከእንግዲህ ሰው «ይህ ነገር ከምን መጣባት?» ብሎ ቢጠይቅሽ አንገትሽን አትድፊ። «ከእህቴ ነው» በይ።

ታናሽሽ