«ስንት ዓመት ልወቅህ?»፦ ለሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት (ማለትም ስብሰባ ላይ)።

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎስ፣ ወገብዎስ፣ ያ ከእርስዎ መለየት አልችል ያለው ወንበርዎስ ደህና ነው? እኔ በእርስዎ ደጃፍ ቆሜ ከመዋሌ በስተቀር እጅግ ደህና ነኝ።

በዚህ ከተማ ከእኔ የተሻለ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አልተፈጠረም፤ ቢያንስ በማታ ትምህርት ክፍላችን፣ በኋላው ወንበር ላይ አልተፈጠረም። ሥራዬ ጎሚስታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲነፋ የዋለ ሰው ማታ ትንሽ ጉራ ቢነፋ ክቡርነትዎ እንደማይቀየሙኝ አምናለሁ፤ በእርስዎ ቤት ቅያሜም ሳይቀር ማህተም ይፈልጋልና።

ነገሬን ከሥሩ ልጀምር። መታወቂያ ያወጣሁ ዕለት አዳራሹ በጫጫታ ተሞልቶ ስለነበር፣ ጸሐፊው አንገቱን እንደደፋ ስሜን ሲጠይቀኝ አልሰማሁትምና እንደ ጨዋ ልጅ «አቤት?» አልኩት። ጻፈው። የአባቴን ስም ሲጠይቀኝ ግን ሰምቼ በትክክል ነገርኩት፤ ከዚያም አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ያላነበብኩትን አጸደቅኩለት። እነሆ ከዚያን ቀን ጀምሮ በሕግ ፊት ስሜ አቤት ነው። ይህን የደረስኩበት የማታ መምህራችን፣ የልጄ እኩያ የምትሆን ወጣት፣ ስማችን ያለበትን ወረቀት አምጥተን እንድናነብ ባዘዘችን ጊዜ ነው። ደረቴን ነፍቼ ተነሳሁና «አቤት» ብዬ አነበብኩ። እሷም «ጋሼ፣ አልጠራሁዎትም እኮ፤ ያንብቡ ነው ያልኩት» አለችኝ።

በእኔ ብቻ ቢቀር ስቄ ባለፍኩት። ነገር ግን አቤት የልጄም የአባት ስም ነው። ልጄ ነርስነት ተምራ ልትመረቅ ነበር፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስሟ በተጠራ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ «አቤት!» እያለ ሲያፌዝባት ያደገች ናት። እስካሁን ለምን ዝም አልሽኝ ብላት፣ «አባዬ፣ እሱን ብነግርህ ማንበብ እንደማትችል መንገር ሆነብኝ» አለችኝ። የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የምረቃዋ የምስክር ወረቀት ከመታተሙ በፊት ስሜን አቃንቼ እንድሰጣት። እኔም ጎማ የማቃና ሰው ስም ማቃናት አያቅተኝም ብዬ ፎከርኩና ወደ እርስዎ መጣሁ። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. የስም ለውጥ ማመልከቻዬ ዘመድ ባልሆኑና ለብዙ ዓመታት በሚያውቁኝ ሁለት ምስክሮች መፈረም እንዳለበት ለመስማት ብቻ ስንት ቀን እንደተመላለስኩ አልናገርም፤ ክቡርነትዎን ማሳቀቅ አልፈልግም። በመጨረሻ ጥበቃው በር ላይ ቆሞ «አቤት!» እያለ ተራዬን ሲጠራ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ «አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?» እያለ ሳቀበት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የተጠራሁት እኔ መሆኔ ትዝ ሲለኝ መስኮቱ ተዘግቷል። ሠራተኞችዎ ሕዝብ በማሳቅ ረገድ ላሳዩት ትጋት ምስጋና ይገባቸዋል።

፪ኛ. አንደኛው ምስክሬ የምሠራበት ጋራዥ ባለቤት ናቸው፤ በነጻ ፈረሙልኝ፣ ፊርማቸውም የተረገጠ ሸረሪት ስለሚመስል ወዲያው ጸደቀ። ሁለተኛዋ ጎረቤታችን እማማ ናቸው፤ ከእናቴ ማኅፀን የተቀበሉኝ፣ ትክክለኛ ስሜ ሲወጣልኝም አጠገቤ የነበሩ አዋላጅ ናቸው። ጽሕፈት ቤትዎ የምስክር የጣት አሻራ እንደማይቀበል ስለተነገረኝ፣ ትናንት የተማርኩትን ፊደል ዛሬ ለእሳቸው አስተማርኩ። እማማም በመስኮትዎ ፊት ምላሳቸውን ነክሰው ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ። የመስኮቷ ሠራተኛ ወረቀቱን ወዲያና ወዲህ አገላብጣ «ይሄ ፊርማ አይደለም፤ ይነበባል» ብላ መለሰችልን። እማማ መንገዱን ሙሉ «በጣም አሳምሬ ነው መሰለኝ ያበላሸሁት፣ ልጄ» እያሉ ይቅርታ ሲጠይቁኝ ሄዱ። እኚህን አሮጊት በስተርጅናቸው ማንበብና መጻፍ ጥፋት መሆኑን ስላስተማሯቸው አመሰግናለሁ።

፫ኛ. ያችው ሠራተኛ አዝናልኝ «ውጭ ጃንጥላው ሥር ጠይቁ» አለችኝ። የጽሕፈት ቤትዎ ዓርማ ባለበት ጃንጥላ ሥር፣ አንድ ኮት በየተራ የሚለብሱ የሚመስሉ ምስክሮች ተደርድረዋል። አንደኛው ከእግር እስከ ራሴ መዘነኝና «ወንድሜ፣ ስንት ዓመት ልወቅህ?» አለኝ። ዋጋው በትውውቃችን ርዝመት ነው ለካ! ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቀኝ እንደሆነ የአንድ ወር ገቢዬ አይበቃውም፤ የእኔ አቅም የሚፈቅደው ካለፈው ክረምት ወዲህ ብቻ የሚያውቀኝን ነው፤ እሱን ደግሞ ሕጉ አይቀበለውም። «በዱቤ እወቀኝ» ስለው «አላውቅህም» አለኝ። በደጅዎ ከሰማኋቸው ቃሎች ሁሉ እውነት የነበረው ይኸው አንዱ ስለሆነ፣ ሰውየው እንዲሸለም በትሕትና አሳስባለሁ።

፬ኛ. በዚህ ሁሉ ተስፋ ሳልቆርጥ የምረቃው ሳምንት ሲደርስ ቢሮዎ ገባሁ። እማማን ተቀበሉልኝ ወይም እርስዎ ራስዎ ይጠይቋቸው ብዬ ለመንኩ። እርስዎም ስልክዎን እየነካኩ «አቤት ምን ይወጣለታል? የታዛዥ ሰው ስም ነው» አሉኝ። ልክ ነዎት፤ ታዝዤ ወጣሁ። የልጅዎ ስም ከእርስዎ ስም ጋር ሲጠራ ሰው እንደማይስቅ አውቃለሁ፤ ሰው የሚስቀው በማይፈራው ስም ነውና። እርስዎ ከዚያ ወንበር በተነሱ ማግስት ግን እንደገና ጠርተን እንሞክረዋለን።

ምረቃው ሆነ። የመድረኩ መሪ የልጄን ስም ከእኔው ስም ጋር ጠራ፤ አዳራሹም ወላጅ ሳይቀር በአንድ ድምፅ «አቤት!» አለ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር፤ ከልማድ የተነሳ እኔም ብያለሁ። ልጄ ወረቀቷን ተቀብላ፣ ከመድረክ ወርዳ፣ እየሳቀች መጥታ አቀፈችኝ።

ስለሆነም ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ያ ዕድሜ ሲያልቅ ደግሞ የመቃብርዎን ድንጋይ የሚቀርጸው ሰው ስምዎን ሲጠይቅ በቦታው ጫጫታ እንዳይኖርና ከቤተሰብዎ መካከል ማንም «አቤት?» እንዳይል አጥብቄ እጸልያለሁ።

ለሕግዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት የተነሳ፣ በስንት መከራ የተማርኩትን ፊደል ሆን ብዬ አጨማልቄ፣ እኔም ራሴ እንዳላነበው አድርጌ ፈርሜያለሁ።

የእርስዎው
አቤት

ማሳሰቢያ፦ ከላይ ያሰፈርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄ አላቀፈችኝም። ወረቀቷን አጣጥፋ በወዲያኛው በር ወጣች። ይህንን ከተጠራጠሩ ምስክር ለመግዛት እንዳይቸገሩ፤ አዳራሹ ሙሉ አይቷል፣ በነጻ።