የተዝካሩ ብርና የደጋው መንገድ

ኅዳር 12 ቀን 1956

ጠዋት ጌሾ ወቀጥኩ። ከዚያ ገበያ። የአውራጃው ጸሐፊ ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ ወረቀት አነበበ። ወደ ደጋው መንገድ ሊወጣ ነው። ገንዘቡን መንግሥት ከሕዝብ ይበደራል። ላበደረ ቦንድ የሚባል ወረቀት ይሰጣል፤ በሦስት ዓመት ከነወለዱ ይመልሳል።

«መንግሥትም ይበደራል እንዴ!» ብሎ ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ልጄ ይመኙሽ የቀረችው በዚያ መንገድ ነው።

ኅዳር 15

አያ ክንዱ ከደጋ መጣ። የይመኙሽ አማት። «እመት ሽታዬ፣ ልጅቱ ከሞተች አራት ዓመት ሆነ። ተዝካሯን እናውጣ እንጂ። እኔም ሸጋ በሬ አለኝ» አለ።

ሸጋ በሬ... ምጥ ሲጠናባት «ትወልዳለች፣ ምን ያስቸኩላል» እያለ ያቆያት ማን ሆነና? በኋላ በቃሬዛ ወደ ጎንደር አወጧት። ወንዙ ሞልቶ ነበር። እስኪጎድል ዳር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሳረፏት። ወንዙ ሳይጎድል እሷ አለፈች።

ለተዝካሯ ጠላ እየሸጥኩ ያጠራቀምኩት ብር አለ። ሌላ የለኝም።

ኅዳር 20

የነፍስ አባቴን አባ ወልደኢየሱስን ጠየቅሁ። «ወለድ መብላት ኃጢአት ነው። የሙት ብር ደግሞ የሙት ነው» አሉኝ።

ጎረቤቴ ሐዲጃ ሳቀች። «እኛም ዘንድ ወለድ ሐራም ነው። ዋናሽን ተቀበይ፣ ወለዱን ተዪላቸው። በመንገዱ መሄድን ግን ያንቺም ቄስ የእኔም ሼህ አልከለከሉም!»

ይመኙሽ ብትኖር ምን ትለኝ ነበር?

ኅዳር 26

በተዝካሩ ብር ቦንዱን ገዛሁ። ጸሐፊው ለአውራ ጣቴ ቀለም አቀረበ። «ብዕሩን ስጠኝ» አልኩት። ሽታዬ ብዬ ጻፍኩ። ጠማማ ነው... ይነበባል። በስተርጅና የለየሁት ፊደል ለዚህ ይሁን።

ታኅሣሥ 3

አያ ክንዱ ሰምቷል። ደጃፌ ላይ ቆሞ «ልጅሽን ለድንጋይና ለአፈር ሸጥሻት!» አለ። «አንተ አስቀድመህ ለወንዝ ሰጥተሃታል» አልኩት። ሄደ።

ጥር 9

ለቅሶ ቤት ገባሁ። ሴቶቹ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ቦታ የለቀቀልኝ የለም።

ሰኔ 22 ቀን 1957

ሥራው በዝናብ ቆመ አሉ። ብሩን ጭቃ በላው? ነፍሷስ?

ኅዳር 24 ቀን 1959

ብሩ ተመለሰ። ዋናውን ያዝኩ። ወለዱን እዚያው ተውኩት። ጸሐፊው አፉን ከፍቶ ቀረ። ወደ ደጋ ላክሁ፤ ተዝካሯ ይወጣል፣ በመንገዱ እመጣለሁ ብዬ።

ታኅሣሥ 1

አያ ክንዱ ራሱ ሊወስደኝ ወረደ። እህሉንና ጌሾውን በጭነት ማኪና ጫንን። ከላይ፣ ጆንያው ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

ወንዙ ደረስን። ድልድይ አለው። ድንጋዩን በዓይኔ ፈለግሁ... የለም። መንገዱ ሥር ገብቷል። አቁሙ ልል አፌን ስከፍት ማኪናው ተሻግሮ ነበር።

እንዲህ በቀላሉ?

አያ ክንዱ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። «ያን ጊዜ... ቶሎ ባወጣት...» አለ።

ይህን ቃል ስንት ዘመን ጠበቅሁት። መቀመጫው ጠብቦት ነበር። ጠጋ አልኩለት።