መምጫው አጭር ነው

ውድ ወንድሜ አዴሪቶ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደክሞኛል፣ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። እማዬ ልትመጣብህ ነው።

አዎ፣ ያቺ ሊፍት እንኳ የምትፈራው እናትህ። በሰማንያ አንድ ዓመቷ፣ ዳሌዋን እያመማት፣ ቅዳሜ ጠዋት ከፖርቶ ብቻዋን አውሮፕላን ትሳፈራለች። እኔ ከሥራ ፈቃድ አላገኘሁም። ባገኝም አብሬያት አልመጣም ነበር፤ ፊትህን ካየሁ አፌን አልገታም።

ነገሩ የጀመረው አባዬን ልትቀብር የመጣህ ጊዜ ነው። የበረራህን ሰዓት በስልክ ስትነግረኝ እማዬ አጠገቤ ነበረች። ስትመጣ ከሉክሰምበርግ አምስት ሰዓት ተነስተህ ስድስት ተኩል እዚህ ትገባለህ፤ በማግስቱ አንድ ሰዓት ተነስተህ አራት ተኩል እዚያ ትደርሳለህ። እሷ ታዲያ በጣቷ ቆጠረች። መምጫው አንድ ሰዓት ተኩል፣ መሄጃው ሦስት ሰዓት ተኩል። የእናንተ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት እንደሚቀድም ማን ይንገራት? ሁለቱም ሁለት ሰዓት ተኩል ነው ልላት ስል ፊቷን አየሁና ተውኩት። ወደ ቤት ሲሆን መንገዱም ያጥራል አለች፣ ደስ ብሏት።

ይኸው አራት ዓመት ሆነ። በደወልክ ቁጥር፣ ሁለት ሰዓት ተኩል እኮ ነው ዙልሚራ፣ ባሰኘኝ ቀን ብድግ ብዬ እመጣለሁ ትለኛለህ። ቅርብ ነው እያልክ ራቅኸን። እሷ እሁድ እሁድ ከጎመን ሾርባው አንድ ሳህን ታስተርፍልሃለች፤ ሰኞ እኔ እበላዋለሁ። አንገሽግሾኛል። እሷን ማጠብ፣ መድኃኒት መስጠት፣ ያን ደረጃ ደግፎ ማውጣት አልመረረኝም። ላንተ ሰበብ መደርደር ግን መረረኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሐኪም ስንመለስ ጎረቤታችን ኢዳሊና ደረጃው ላይ አገኘችን። ልጅሽ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው ብላ አሾፈችባት። እማዬን ታውቃታለህ፣ መልስ አታጣም፤ ያን ቀን ግን ደረጃዋን መውጣት ቀጠለች። ቤት ገብተን ጫማዋን ሳወልቅላት ነው የተናገረችው።

«የከበደው መሄጃው ነው። መጥቶ ያን ሁሉ መንገድ መመለሱን እያሰበ ነው የሚቀረው።»

«እና ምን ይሁን?»

«ረጅሙን እኔ ልሂድለት። አጭሩን አብረን እንመጣለን።»

ሐኪሙም ልቧን አዳምጦ፣ መሄድ ካማራት አሁን ትሂድ፣ ለበጋ አታቆዩት ብሎኛል።

እንግዲህ ቅዳሜ በእናንተ አራት ተኩል መውጫው በር ላይ ቁም። በተሽከርካሪ ወንበር ያወጡልሃል። በሳምንቱ የምትመለሱበትን ትኬት ለሁለት ሰው ቆርጫለሁ፣ ያንተን ጨምሮ። ስለ ሰዓቱ ልዩነት አደራ፣ ትንፍሽ እንዳትል። ስድስት ተኩል ላይ አብራችሁ ስታርፉ «አላልኩህም?» ትበልህ።

ብቻዋን ከሰደድካት ግን፣ ያኔ ርቀቱ ይገባታል።

የደከማት እህትህ
ዙልሚራ