እንደ ካሴቱ

ኅዳር 14

...ከዚያ የአባባ ድምፅ። ቀጭን፣ ጥድፊያ የበዛበት፣ ሱቅ ተልኮ የሚሮጥ ልጅ ዓይነት። «ይታገሱ ሙዚቃ ቤት! ወልድያ! መናኸሪያው ፊት ለፊት!» ካሴቱ ሁሌ እንዲህ ነበር የሚጀምረው። ቀጥሎ ክራሩ። ቀጥሎ የአባባ ወዳጅ፣ ዘፋኙ ጋሽ አብዱልሐሊም። እኔና እማዬ ልብስ እያጠብን... ልብስ ነበር መሰለኝ... ማስታወቂያውን እየደገምን እንስቃለን። አባባ ይቆጣል። እኛ ይብስብናል።

ምን አስታወሰኝ? ሲሳይ። እጮኛዬ ከደሴ ሲዲ ይዞልኝ መጣ። ያው ካሴት፣ «የመርሳ ብርቱካን»፣ በሲዲ! አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት እንደገና አሳትሞት። መንገድ ላይ ጮህኩ። ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ በጥር አገባለሁ፤ መንገድ ላይ ጮህኩ። ባጃጅ ቆሞ አየኝ።

ሲዲ የሚያጫውት ያለው የሲሳይ አይሱዙ ላይ ብቻ ነው። ነገ ከግራና ከተማ ሽንኩርት ጭኖ ሲመለስ እሰማዋለሁ።

ኅዳር 15

አይ...

ሽፋኑ ላይ ብርቱካን የለም። ሎሚ ነው! ሎሚ የተሸከመች፣ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ሴት። መርሳ ላይ የት አገኟት?

እሱስ ይሁን። ድምፁ... ጎተቱት። ወፍሯል። ከብዷል። አብሬው ልዘፍን ስል ቀደምኩት። ጠበቅሁት። እንደገና ቀደምኩት። ሲሳይ መሪውን ይዞ በሳቅ ፈረሰ። «ማሂዬ፣ እኔ ሽንኩርት ጭኜ ዳገት ስወጣ ነው እንዲህ የምሄደው።»

የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ የሚስቃት ሳቅ አለች። ቆርጠዋታል። ያቺን ሳቅ! የማንን መንገድ ዘጋች?

የአባባ ማስታወቂያም የለም። እርግጥ ከየት ይመጣል... ግን ጠብቄው ነበር።

ኅዳር 16

አባባን አይሱዙው ውስጥ አስቀምጬ አሰማሁት። አንድ ዘፈን ሰምቶ ወረደ።

«ታሞ ነው የዘፈነው።»

«አባባ፣ ያው የድሮው ቀረጻ ነው ይላል እኮ።»

«እንግዲያው ሲያሳትሙት አሳመሙት።»

ያ ሁሉ የወልድያ፣ የመርሳ፣ የሐብሩ ሰው ካሴቱን ከአባባ ሱቅ ነው የገዛው። በየቤቱ፣ በየአውቶቡሱ የሚዘፍነው አብዱልሐሊም አባባ ከዋናው ቀድቶ ያባዛው ነው። ስለዚህ ሲዲው እሱን ያናደደውን ያህል ማንንም አያናድድም።

ኅዳር 22

መርሳ ሄድኩ። የሠርግ ጥሪ ይዤ። እውነቱን ልጻፍ፤ ጥሪው ሰበብ ነው። ክርስትና የተነሣሁ ቀን ጋሽ አብዱልሐሊም ታቅፎኝ «ለዚች ልጅ ሠርግ የምዘፍነው እኔ ነኝ» ብሎ ነበር። ስንት ጊዜ ሰማሁት። ያለ እሱ ሠርግ... አላውቅም። ሳስበው ዳሱ ባዶ ሆኖ ይታየኛል።

ባለቤቱ ሀጂራ ናት በሩን የከፈተችልኝ። «የይታገሱ ልጅ! አብሽሪ፣ ግቢ ግቢ።» እሱ ግቢው ውስጥ ብርቱካን እየለየ ነበር። ትልልቁን ወዲህ፣ ትንንሹን ወዲያ።

«ቃሌን አልረሳሁም ልጄ» አለኝ። «ጉሮሮዬ ነው የረሳው።»

«ጋሼ፣ እንደሆነልዎ ይዝፈኑ። ማን ያማርጣል?»

«ማን ያማርጣል ትያለሽ? ግራና አንድ ሠርግ ላይ ነው። ገና መጀመሬ። ሕዝቡ፣ ‹እንደ ካሴቱ! እንደ ካሴቱ!› ሙሽራው ራሱ። ከፍ አደረግሁት። ተሰነጠቀ። ሳቁ። የሚቀጥለውም ሠርግ እንደዚያው። ጎረምሳ ነበርኩ እኮ! ጉሮሮዬ ሞተ ብዬ ክራሩን ሰቀልኩ። ወላሂ፣ ያንን ካሴት በሰማሁ ቁጥር በራሴ እቀናለሁ።»

ሲዲውን ሰምተውታል? አልኩ።

«የሞተ ሰው ፎቶ ምን ይሠራልኛል?»

ብርቱካን ሞልቶ ሰጠኝ። ሲሳይና እኔ እስከ ወልድያ ስንልጥ፣ ስንበላ። እጄ ተጣበቀ። ልጣጩን በመስኮት እየወረወርኩ አለቀስኩ፤ ከዚያ ሲሳይ አንድ ቀልድ አለ፣ ሳቅሁ። እንዲህ ሆኛለሁ ሰሞኑን።

ታኅሣሥ 3

መጻፍ አልቻልኩም። በደስታ? አላውቅም!

ለሠርጉ ቤት ስናጸዳ ካሴቱን ከፈትኩት። «ይታገሱ ሙዚቃ ቤት!» ያቺ ቀጭን ድምፅ።

«አባባ በጎረምሳነቱ ድምፁ የልጅ ነበር አይደል?» አልኩ ለእማዬ።

«ማን? እሱ?» መጥረጊያውን ተደገፈች። «ሊያየኝ በአጥራችን ሲያልፍ ያስል ነበር። እናቴ ‹በሬው ተፈታ› ብላ ትወጣለች! ያኔም ይኸው ድምፁ ነው።»

«እና ካሴቱ ላይ?»

«እኔ እንጃ። ካሴት ነዋ።»

ካሴት ነዋ።

ቆምኩ። የአባባ ድምፅ ካሴቱ ላይ ከቀጠነ... ካሴቱ ሮጧል። ካሴቱ ከሮጠ ጋሽ አብዱልሐሊምም... የተሳሳትነው እኛ ነን እንጂ ሲዲው አይደለም... ውይ!

ታኅሣሥ 4

አባባ መጀመሪያ ጮኸብኝ። «መቅጃዬን አትንኪ!» መቅጃው እኮ አቧራ ለብሶ ቁም ሣጥን ላይ ነው ያለው፤ ማን ነካው?

ከምሳ በኋላ ራሱ መጣ። ቀስ ብሎ።

«ካሴቱን የምታሽከረክረው ላስቲክ ተበጠሰች። ከብስክሌት ጎማ፣ ከውስጠኛው፣ ቆርጬ አሰርኩላት። ትንሽ ትንቀራፈፍ ነበር።»

መቅጃዋ ስትቀዳ ተንቀራፈፈች፤ ካሴቱ በሰው ቤት ሲከፈት ሮጠ። ያን ሁሉ ካሴት።

«ታውቅ ነበር?»

«ፈጠን እንዳለ አውቃለሁ። ሰው ወደደው። ሰው የወደደውን ማን ያርማል?»

ጋሽ አብዱልሐሊም መዝፈን ለምን እንደተወ ነገርኩት። እስከ ዛሬ «ነጋዴ ሆነ፣ ናቀን» ነበር የሚለው። ተቀመጠ። ያ ወፍራም ድምፁ የት ገባ? በአንዲት ቁራጭ ጎማ አንድ ሰው ዝም አለ። ለጋሽ አብዱልሐሊም ልንገረው? ከነገርኩት ይጠላናል? ካልነገርኩት...

«እኔ እነግረዋለሁ» አለ አባባ።

ታኅሣሥ 9

መርሳ። አባባ ትንሿን ቴፕ ታቅፎ፣ እኔ ሲዲውን ይዤ።

«ይታገሱ፣ አረጀህ!»

«አንተስ አብዱ፣ መስታወት የላችሁም?»

አይሱዙው ውስጥ አስገባነው። ሁለቱ ሽማግሎች ከሲሳይ ጎን፣ እኔ በር ላይ ቆሜ። አባባ መጀመሪያ ካሴቱን ከፈተ። «ይታገሱ ሙዚቃ ቤት! ወልድያ!» ዘጋው። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ራሱ፣ በበሬ ድምፁ፣ ቃል በቃል ደገመው። «ይታገሱ... ሙዚቃ ቤት። ወልድያ። መናኸሪያው ፊት ለፊት።»

ጋሽ አብዱልሐሊም ገና አልገባውም። ሲሳይ ሲዲውን ከፈተ። አባባ ስለ ጎማዋ ነገረው። ቀና ብሎ አላየውም፤ ለመሪው ነው የነገረው።

ዘፈኑ እስኪያልቅ ጋሽ አብዱልሐሊም ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ከሲዲው ጋር እኩል። አልቀደመም፣ አልቀረም።

ከዚያ ሳቀ። ያቺን ሳቅ! ሲዲው ላይ የቆረጧትን! ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ ሀጂራ ምን ሆናችሁ ብላ ወጣች፤ ሳታውቅ ሳቀች። ደስታው ሊያፈነዳኝ...

ሳቁ ተቋረጠ። አባባን አየው። ብዙ አየው። ወርዶ ወደ ብርቱካኑ ተመለሰ።

ለሠርጉ እመጣለሁ አላለም። አልመጣም አላለም። አባባ እስከ ወልድያ ቴፑን አቅፎ።

ጥር 16

ሠርጌ ነው! ዛሬ! የጸጉሬ አንድ ጎን አልቋል፤ ሠሪዋ የጸጉር ማስያዣ ፍለጋ ሄዳለች፤ ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ...

አሁን መጣ። ከሀጂራ ጋር፣ ክራሩን በነጠላ ጠቅልሎ። አባባን ሳመው። አንድ ጉንጭ፣ ሌላው፣ እንደገና አንዱን። ተያይዘው ወደ ጓዳ ገቡ።

መምጣቱ ዳሱ ውስጥ ተሰምቷል። እየጮኹ ነው። «እንደ ካሴቱ! እንደ ካሴቱ!» የሲሳይ ሚዜዎች ናቸው ደግሞ፣ ቀድመው የመጡት።

ከጓዳ ክራሩ... እየቃኘው ነው። ዝቅ አደረገው። ትንሽ አንጎራጎረ። አብሬው አንጎራጎርኩ።

አልቀደምኩትም።

«እንደ ካሴቱ! እንደ ካሴቱ!»

አባባ ከጓዳው ብቅ አለ። ግማሽ ጸጉሬን አየ። ወደ ዳሱ አየ። ተመልሶ ገባና በሩን ዘጋው። ክራሩ እዚያው ዝቅ እንዳለ ቀጠለ።