ሐረጎን የወጣው ሞተር

ሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን 2006፤ ማታ፣ ኮምቦልቻ

ዛሬም አረፈድኩ። ሁለተኛዬ። ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሳም፤ ከሞላ ደግሞ ሐረጎ ዳገት ላይ እንደ ምጥ ያቃስታል። ደሴ ስደርስ 2፡50። ወ/ሮ አስካለ በር ላይ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ጉንፋን ሲይዛቸው እንኳ በሥራ ሰዓት አያስነጥሱም።

ደብዳቤ ሰጡኝ። ሦስተኛ ካረፈድኩ ወደ ጥበቃ እመለሳለሁ። ራሴ ነኝ ያነበብኩት፣ ማንም ሳይረዳኝ። ክፉ ወሬም ቢሆን ራስ ሲያነቡት ደስ ይላል።

ደብተሬ፣ ማንነቴን ታውቂያለሽ። ስምንት ዓመት የዚያ መ/ቤት ጥበቃ ነበርኩ። በሩ ሥር ቆርቆሮ ቤት አድሬ እዚያው እነሳለሁ፤ ማርፈድ የሚባል ነገር አላውቅም። የማታ ት/ት ገባሁ። ፊደል ቆጠርኩ፣ ሠርተፊኬት ያዝኩ። ከክፍሉ አንደኛ! (ዘጠኝ ነበርን፤ ሁለቱ መነጽራቸውን ሁሌ ይረሳሉ።) ፋይል አመላላሽ አደረጉኝ፣ ለሦስት ወር ሙከራ። ማደሪያዬን የወረሰው አዲሱ ጥበቃ ሙሄ ነው። እኔ እዚህ ኮ/ቻ፣ ከባለቤቴ ከዘይነባ ጋር። እሷ ፋብሪካ በፈረቃ ስለምትገባ ደሴ መኖር አይሆንላትም።

መላ አለኝ። ሳይክሌ። ሞተር ይገጠምለታል፣ በባትሪ የሚሄድ። በወሎ የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ሁለተኛው ካለም አልሰማሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ዛሬ በሰዓቱ ገባሁ። ገና ሳይነጋ ተሰልፌ። ይኸ ሁልጊዜ አይሆንም።

ጧት ሳይክሌን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ አምጥቼው ነበር፤ ከሥራ በኋላ ጋሽ ጴጥሮስ ዘንድ ወሰድኩት። የተቃጠለ ሞተር ጠምጣሚ ናቸው፣ እዚያው ደሴ ፒያሳ። እየጠመጠሙ መዝሙር ያንጎራጉራሉ፤ ሽቦ ሲበጠስ ብቻ ዝም ይላሉ። ከተሰባበረ መኪና የወጣ የራዲያተር ማራገቢያ ሞተር አላቸው። እሱን ከኋላ ጎማ በካቴና ያያይዙታል፤ ሁለት የሞተር ሳይክል ባትሪ ዕቃ መጫኛው ላይ።

አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፦ «መጀመሪያ ዳገት ላይ ሞክረው፣ ወንድሜ። ቁልቁለቱን ድንጋይም ይሄደዋል።»

ሳቅኩ። ለወሎ ልጅ ስለ ዳገት ይነገራል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 4፤ ማታ

ወላሂ በረርኩ!

ከደሴ ኮ/ቻ፣ ሚኒባስ ቀድሜ። ነፋሱ እንባዬን ወደ ጆሮዬ ወሰደው። ፔዳሉን አንዳንዴ ብቻ ነው የረገጥኩት፣ እግሬ እንዳይቀየመኝ ብዬ። ሠፈሩ ተሰበሰበ። አንዱ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገባችን ሳለ ለምን እዚያ አላረፍክም አለኝ። ነዳጅ ለመቆጠብ ነው አልኩት።

ዘይነባ ብቻ ዞራ ዞራ አየችው። የሞተሩ ማብሪያ እንደጠፋ ነው አለች። ስደርስ አጥፍቼው ነው አልኳት።

መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ሞተሩ ሐረጎን እንደ ፍየል ወጣው። 2፡20 መ/ቤት በር ላይ ነኝ። ሙሄ ባትሪውን ዳስሶ ማሻአላህ አለ። ወ/ሮ አስካለ ሰዓታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ተመልሰው ሰዓታቸውን።

ከሰዓት አስጠሩኝ። ይኸ ምርጥ ተሞክሮ ነው፣ መስፋት አለበት አሉ። የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ግምገማ አለ። ሰዓት የማክበር ተሞክሮዬን በራሴ እጅ ጽፌ ለሠራተኛው አነባለሁ፤ ከሙከራ ማለፌም እዚያው ይወሰናል። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ካረፈድኩ ግን ተሞክሮም የለም፣ መዝገብ ቤትም የለም።

ደራሲ ሆንኩልሽ፣ ደብተሬ። ዛሬ ሌላ አልጽፍም። ግራ ክንዴን ያመኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

የትናንቱን ሰርዣለሁ፣ የመጀመሪያውን መስመር። ውሸት ነው።

ሐረጎ ሥር ሞተሩ አጓራ። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ቆመ። 1፡30 አልፏል። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ኩርባው ላይ እየተጎተተ መጣ፣ ከሰው ሩጫ አይፈጥንም። በግራ እጄ የመኪናውን የኋላ ሰንሰለት ያዝኩ። እስከ አናት ድረስ። ሳይክል ያላቸው ጎረምሶች ሲያደርጉት አይቻለሁ። እኔ ጎረምሳ አይደለሁም።

ዛሬም ደገምኩት።

ዛሬ ደግሞ ዘይነባ ዕረፍት ነበረች። እህቷን ልትጠይቅ በሚኒባስ ወደ ደሴ። ዘወር ስል ከኋላዬ የሚኒባሱ መስኮት ላይ ፊቷ።

ማታ ራት አቀረበች። ቀስ ብላ ጀመረች፦ «ሰይዶ፣ ለካ ሞተርህ ሰሌዳ ቁጥር አለው? ለካ ናፍጣ ነው የሚጠጣው?» ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። እኔን መበለት አድርገህ ቋሚ ሠራተኛ ከምትሆን፣ ጥበቃ ሆነህ በእግርህ ብትገባልኝ ይሻለኛል አለች።

ራቱን ትቼ ደብተሬን አወጣሁ፤ የትናንቱን መስመር ሰረዝኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ለጋሽ ጴጥሮስ ሁሉን ተናዘዝኩ። ነግሬህ አልነበር ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ መፍቻ አነሱ። ሞተሩን አጸዱት፤ የኋላ ጎማው ላይ ካቴናው የሚይዘውን ትልቅ ጥርስ ገጠሙለት። አሁን ቀርፋፋ ይሆናል፣ ጉልበቱ ግን ይጨምራል። አንተም ትረግጣለህ አሉ፤ እሱ ያግዝሃል እንጂ አይሸከምህም።

ያግዝሃል! እኔ ደግሞ ሠፈሩን ሁሉ ያበርረኛል ብዬዋለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ዳገት ላይ ሞከርኩት። ወጣ። ወጣን። ላቤ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ግማሽ መንገድ ላይ አህያ ቀደመችኝ፣ ከነጭነቷ። ባለቤቷ አብሽር፣ በርታ አለኝ። እህል ጭኜ ቢሆን እንደሷ እፈጥን ነበር አልኩት።

ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ ከጧቱ 11 ሰ. ከተነሳሁ እደርሳለሁ። አንድ ደቂቃ ከዘገየሁ ግን አልደርስም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ትናንት 2፡27። ዛሬ 2፡25። እግሬ የራሴ አይመስለኝም፤ ደረጃ ስወጣ ፋይሉ ነው የሚሸከመኝ።

ሙሄ በር ላይ ያዘኝ። ወንድሙም ኮ/ቻ ነው የሚኖረው፣ ሥራው ደሴ። እንደኔው ሊያስገጥም ነው። እንደ ፍየል ነው አይደል የሚወጣው፣ ሰይዶ? አለኝ። እንደ ፍየል አልኩት።

ለምን አልኩት? አፌ ቀደመኝ። ቀኑን ሙሉ ፋይል ሳምታታ ዋልኩ። ያ ልጅ ሐረጎ ሥር ሞተሩ ሲቆምበት ምን ሊይዝ ነው? መኪና ነዋ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፤ ከምሽቱ 1 ሰ.

ተሞክሮውን ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። የመጀመሪያው የሚያምር ነው። ሞተር በሁለተኛው መስመር፣ ድል በሦስተኛው። ፊደሉ እንደ ጥርስ የተደረደረ። ቀደድኩት። ሁለተኛው ስለ መኪናው ዝም ይላል። እሱንም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ደብተሬ። በአፌ ስንቱን ዋሽቻለሁ። አፌ አርባ ዓመቱ ነው፣ ለምዶታል። እጄ ግን መጻፍ ከጀመረ ዓመት አልሞላውም። የዋሸው አንዴ ነው፣ ላንቺ፤ እሱንም ሰርዞታል።

ሦስተኛው ይኸ ነው፦ ሞተሩ ብቻውን ሐረጎን አይወጣም። ሁለት ቀን በሰዓቱ የገባሁት በመኪና ጭራ ተንጠልጥዬ ነው፤ ማንም እንዳይሞክረው። አሁን በ11 ሰ. ተነስቼ እየረገጥኩ ነው የምመጣው። ተሞክሮዬ እስከዚህ ነው።

ለዘይነባ አነበብኩላት። «መበለት» የሚለውን አልጨመርክም አለች። የቤት ነው አልኳት። ያኔ ሳቀች፣ ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያዋ።

ባትሪውን ሶኬት ላይ ሰክቻለሁ። ነገ ወ/ሮ አስካለ ምን ይሉ ይሆን? በሩን ያሳዩኝ ይሆናል። ስምንት ዓመት በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13፤ ሊነጋጋ ሲል፣ 10፡50

መብራት ሌሊቱን ጠፍቶ ነው ያደረው። ባትሪው ግማሽ።

ሚኒባስ ገና አልተሰለፈም። ከላይ መንገድ የጭነት መኪና ማርሽ ሲቀይር ይሰማኛል፣ ከባድ፣ ቀስ ያለ፣ ልክ ለእጅ የሚመች። ዘይነባም ሰምታዋለች። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ ደረት ኪሴ ከተተችው።

ካረፈድኩም ላርፍድ። ሦስተኛዬ ይሁን። ወረቀቱን ግን አነበዋለሁ፤ ካላስገቡኝም በር ላይ ቆሜ፣ ሙሄ እንዲሰማ።

ግማሹን ሞተሩ፣ ግማሹን እኔ። ሐረጎ ላይ መኪናው ካገኘኝ በአንገቴ ሰላም እለዋለሁ። ሁለቱም እጄ መሪው ላይ ነው።