የ«ደ» ቀኝ እግር

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለነስረዲን፣ ተኝተህ ካለህበት መደብ ድረስ።

አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ። እንደምን ከርመሃል? ራስህ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድሃል? ምግብስ ይበላልሃል? የእናታችን ጉልበት እንዴት ሆነ? ባለቤትህ መሪማስ? ልጆቹስ? ያቺ ተዋጊዋ ላምስ? ስለ እግርህ ያልጠየቅኩት ረስቼ አይምሰልህ፤ እሱን ለብቻው እመጣበታለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። ወገቤ፣ ዓይኔና ሳንባዬ ተማክረው ከሥራ ሊያስወጡኝ ቢያድሙም እስካሁን አልተሳካላቸውም። ድካሙ ግን አለ። ጠዋት ስነሳ የደከመኝ፣ ማታ ስተኛ ከደከመኝ ይበልጣል።

አሁን ደንግጥ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። ሰው አላስጻፍኩም። ሰሚራ፣ ለአባትሽ ስታነቢለት እዚህ ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ ጎረቤትም ይስማ። አጎትሽ ጀይላን የማታ ትምህርቱን ጨርሷል። የምስክር ወረቀቱን ሲሰጡኝ መምህራችን «ጀይላን፣ አንተ እዚህ ከተማርከው ያስተማርከን ይበልጣል» አሉኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ አልገባኝም፤ እኔ ግን ምስጋና አድርጌ ወስጄዋለሁ። ፊደሎቹ ትንሽ ቢንጋደዱብሽ የእኔ ጥፋት አይደለም፤ ጠረጴዛው ነው። ጠረጴዛውን የሠራሁት እኔ ብሆንም።

ነስረዲን፣ ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በደወልኩ ቁጥር እግርህን ገና ስጠራው ትዘጋብኛለህ። ደብዳቤ አይዘጋም። ብታጥፈው እንኳ ልጅህ ትዘረጋዋለች። ስለዚህ ተመቻችተህ ስማኝ፤ መጀመሪያ ሳቅ አለው።

አዲስ አበባ እንደ ነፍሰ ጡር ሴት፣ ጫካ አምሯታል። የሴቶቹ ቀሚስ ቅጠል ነው። ጥፍራቸው ላይ ቅጠል ያስላሉ። የቢሮው መጋረጃ ቅጠል፣ የፀጉር ቤቱ ግድግዳ የፕላስቲክ ሐረግ፣ የሚኒባሱ ጣራ ደግሞ ከውስጥ አረንጓዴ ሣር የተለጠፈበት ነው፤ ተገልብጠህ የምትሄድ ይመስልሃል። በሌላ በኩል የድሮው ቤት ሲፈርስ የግቢው ዛፍም አብሮ ይወድቃል። ግንዱ እኛ ወርክሾፕ ጌጃ ሰፈር ይመጣና «እባክህ እዚህ ላይ ዛፍ ቅረጽልኝ» ይሉኛል። ሚደቅሳ፣ አብሮኝ የሚሠራው ቫርኒሽ ቀቢ፣ «ዛፉን ገድለን ፎቶውን እንሰቅላለን» ይላል። እሱ ሲናገር ይስቃል። እኔ ድሮ እስቅ ነበር፤ አሁን አቧራው ስለሚገባብኝ አፌን አልከፍትም።

ታዲያ አንድ ትልቅ ሥራ መጣልን። ሰንጋ ተራ አዲስ ሕንፃ ሥር አቶ በሱፍቃድ የሚባሉ ሰው ካፌ ሊከፍቱ ነው፤ ስሙ «ደን»። ውስጡን የምታሳምረው ሳሚያ የምትባል ወጣት ዲዛይነር ናት። ስልኳን ከፍታ የውጭ አገር ጫካ አሳየችኝ። ዛፎቹ ቀጥ ብለው እንደ ስልክ እንጨት ተሰልፈዋል። «ይሄ የዘበኛ ሰልፍ ነው እንጂ ጫካ አይደለም» አልኳት። ስቃ «እሺ ጋሼ ጀይላን፣ የእርስዎ ጫካ ምን ይመስላል?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ሰው ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነው። መሮዬን አስቀምጬ ነገርኳት። ከኮሶው ቅርንጫፍ እንደ ሽማግሌ ጺም የሚንጠለጠለውን የዛፍ ሽበት ነገርኳት። ፀሐይ በወንፊት እንደተነፋ ዱቄት የምትወርድበትን ቦታ፣ የወፎቹን የተንጠለጠለ ጎጆ፣ ከምንጩ በላይ ያለውን ዝግባ ነገርኳት። የዝግባው ሥር ከመሬት ወጥቶ መንገዱን የሚያቋርጥበትን፣ ወንድሜ የደኑ ጠባቂ ዱላውን ይዞ የሚቀመጥበትን ነገርኳት። ልጅቷ ትስል ነበር። አሁን የካፌው መብራቶች የወፍ ጎጆ ናቸው፤ ምሰሶዎቹ የኮሶ ቅርፊት ለብሰዋል፤ ከጣራው ሽበት ተንጠልጥሏል። ደንህን ተሰርቀሃል ወንድሜ። ጠባቂው ሳታየን ሙሉውን ሰንጋ ተራ አስገብተነዋል።

ቀጥሎ የስሙ ነገር መጣ። በሩ ላይ የሚሰቀለውን «ደን» ማን ይሥራው ሲባል ሚደቅሳ «በማሽን ይቆረጥ» አለ። እኔ እያለሁ? ፊደል የማውቅ ቀራጭ እያለሁ? «ትናንት ሀ ሁ ያልክ ሰውዬ ዛሬ ማስታወቂያ ልትጽፍ?» አለኝ። ከዋንዛ ጣውላ፣ የሰው ቁመት ያላቸው ሁለት ፊደሎች እኔው ጀመርኩ። ሳሚያ ንድፉን በወረቀት ሰጥታኝ ነበር። ጥሩ ነው፤ ግን ሥር የለውም። ሥር የሌለው ዛፍ የት ይቆማል? እኔም አሻሻልኩት። የ«ደ»ን ቀኝ እግር ወደ ታች አስረዘምኩና ያንን የዝግባ ሥር አደረግኩት። ጉብታውን፣ እኛ ስንቀመጥበት የለሰለሰውን ቦታ፣ ጫፉ ላይ ጣት የሚመስለውን ሳይቀር ቀረጽኩት። ሚደቅሳን ፊደሉ እንዴት ነው ብዬ ብጠይቀው «እኔ የተማርኩት በቁቤ ነው፤ ካማረ ይበቃል» አለኝ። እኔም ይበቃል አልኩ። ብዙ ዘመን የሰው አልጋ ራስጌ ስቀርጽ ኖሬ፣ እንደዚህ የኮራሁበት እንጨት የለም።

ሰሚራ፣ አባትሽ ፊደል ስላልቆጠረ እዚህ ጋ ትንሽ ቆም በይ። መሬቱ ላይ በጣትሽ «ደን» ብለሽ ጻፊለት። አየህ ነስረዲን፣ የመጀመሪያው ፊደል ሁለት እግር አለው፤ እግሮቹ እኩል ናቸው። ቀኙ ረዘም ካለ ግን «ደ» መሆኑ ይቀርና «ዳ» ይሆናል። ደ፣ ዱ፣ ዲ፣ ዳ። መምህራችን ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ያስተማሩን ነው።

ሰቅለነው ስንጨርስ ከታች ቆሜ እጄን እያራገፍኩ ነበር። አንዲት እናት በበሩ ገብተው «ካርድ የሚወጣው በየት በኩል ነው ልጄ?» አሉኝ። «ይሄ እኮ ካፌ ነው እማማ» አልኳቸው። «ታዲያ ‹ዳን› የሚለው ምንድነው? እኔ እኮ ክሊኒክ መስሎኝ» አሉና እያጉረመረሙ ወጡ። ቀና አልኩ። ወላሂ ነው የምልህ፣ ያን ጊዜ ነው ያነበብኩት። ስቀርጸው ሥር ነበር፤ ሳነበው «ዳን» ይላል። ለበሽተኛ እንደምንለው፣ ዳን።

ሚደቅሳ የሳቀውን ሳቅ አልነግርህም። መሰላሉን ተደግፎ ነው የቆመው። «ፊደል አዋቂው! ስንት ኪኒን በቀን እንውሰድ?» ይለኛል። ሳሚያ አፏን በእጇ ይዛ ፊቷን አዞረች። አቶ በሱፍቃድም መጡ። አዩት። «ማን ታሞብን ነው?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ቀላል ነው፤ እግሩን ቁረጠው» አሉኝ።

ነስረዲን፣ እኔ በክርክር ሰው እንደማይችለኝ ታውቃለህ። ያን ጊዜ ግን ከመከራከሬ በፊት ሥሩን በእጄ ያዝኩት። መሪማ የደወለችልኝ በዋዜማው ማታ ነበር። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። ስኳሩ ቀኝ እግርህን እንዳጠቆረው፣ ሐኪሙ «ከጉልበት በታች ካልተቆረጠ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ እኔም አልችልም» እንዳለ፣ አንተ ደግሞ «ከነእግሬ ቅበሩኝ» ብለህ ወደ ቤት እንደተመለስክ። ያቺን ቃል ከጆሮዬ ሳላወጣ ነው ሰውየው እግሩን ቁረጠው ያሉኝ።

«አልቆርጥም» አልኳቸው። ለምን ቢሉኝ እንጨቱ አንድ ወጥ ነው፣ ሥሩ ነው የተሸከመው፣ ከተቆረጠ ይሰነጠቃል፣ ይወድቃል፣ ሰው ይገድላል አልኩ። ውሸት ነው። በብረት ነው የታሰረው። ሚደቅሳ ሳቁን አቁሞ «አንተ ሰውዬ፣ ፊደል እኮ ነው፤ ሰው አይደለም» አለኝ። ያኔ ስለ አንተ ነገርኳቸው። እዚያው በር ላይ፣ ታክሲው እየጮኸ፣ ረዳቱ «ልደታ! ልደታ!» እያለ ነገርኳቸው።

አቶ በሱፍቃድ «ታዲያ ወንድምህን ምን አልከው?» አሉኝ። «ይቆረጥ አልኩት» አልኳቸው። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔ ግን አፈርኩ። አንተን ግትር፣ ፈሪ፣ በቅሎ እያልኩ ስሳደብ አድሬ፣ እኔ ለአንድ የዋንዛ እግር እንዲህ ሆንኩ። ከጉልበትህ በታች ያለው የሥጋ እግር ሲሆን እንዴት እንደሚከብድ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስለ ስድቡ አውፍ በለኝ። በቅሎ ያልኩህን ግን አላነሳም፤ እሱ እውነት ነው።

ሚደቅሳ የኤሌክትሪክ መጋዙን አቀበለኝ፤ እምቢ አልኩ። በእጅ መጋዝ ቆረጥኩት፤ ቀስ እያልኩ። ክንዴ ዛለ። ሰጋቱራው ፊቴ ላይ ሲወርድ ከዓይኔ ጋር ተቀላቀለ፤ ለሚደቅሳ አቧራ ነው አልኩት፤ እሱም አቧራ ነው አለ። ይወድቃል ብዬ በትከሻዬ ደግፌው ነበር። ሥሩ እጄ ላይ ሲቀር ትከሻዬን ለማንሳት ፈራሁ። በመጨረሻ ቀስ ብዬ አነሳሁ።

ቆመ።

አምሮ ነው የቆመው ብዬ አልዋሽህም። ቁርጡ ይታያል። ሳሚያ ቀለም ላልብሰው ስትለኝ ተዪው አልኳት። ግን ቆሟል፤ መንገደኛውም ቀና ብሎ «ደን» ብሎ አንብቦ ይገባል። ካርድ የጠየቀ የለም። እኔ ያን ቀን ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አልኩና ለመነሳት አቃተኝ። ሰው አርባ ግንድ ተሸክሞ እንደዚያ አይደክመውም።

ወንድሜ፣ አሁን ወደ እግርህ መጣሁ፤ አጥፈህ እንዳትወረውረኝ። ሐኪም ቤት ግባ። ብቻህን አይደለም የምትገባው። ሥራውን ለሚደቅሳ ትቼ እመጣለሁ፤ በሩ ላይ እቀመጣለሁ፤ ነርሶቹ እስኪያባርሩኝ አወራለሁ። ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ጫካውን ትዞራለህ ብዬ አልሸነግልህም። የደኑን ዘበኝነት ለሌላ ሰው ይሰጡት ይሆናል፤ እሱን እኔ አላውቅም። ግን ያ ዝግባ ሥር ላይ ለመቀመጥ ሁለት እግር አያስፈልግም። እንጨት ሌባውም እስከ ዛሬ የሚሸሸው ከእግርህ ሳይሆን ከአፍህ ነው። እኔ እዚህ የአንተን ጫካ እየቀረጽኩ ነው የምኖረው። የረሳሁትን ቅጠል የምጠይቀው አንተን ነው። አንተ ከሌለህ የማንን ጫካ ልቅረጽ? የዚያን የስልክ እንጨት?

የቡታጅራውን መኪና ረዳት አንድ ነገር በጨርቅ ጠቅልዬ አስይዤዋለሁ። ክራንች ነው። ቁመቱን በራሴ ለካሁና፣ አትቆጣ፣ አንተ ከእኔ አጠር ስለምትል ትንሽ ቀነስኩለት። ብብትህ ሥር የምትገባዋ ያቺ የቆረጥኳት እግር ናት። ጉብታውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼዋለሁ፤ ጫፏ ላይ ያሉትን ጣቶች ግን አልነካኋቸውም። ስታያት ከየት እንደሆነች ታውቃታለህ።

እናታችንን ጉልበታቸውን ስመህ፣ ጀይላን ማንበብ ቻለ በላቸው፤ ዱዓቸው አይለየኝ። መሪማን በርቺ በልልኝ፤ የምታለቅሺው እኔ ስመጣ አብረን ይሁን በላት። ትንሹን ቢላልን ጆሮውን ቆንጥጠህ፣ አጎትህ የሚሾር እንዝርት ያመጣልሃል በለው። ለተዋጊዋ ላምም ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ከሩቅ። አንተን ደግሞ ሁለቱንም ትከሻህን ስሜሃለሁ።

ሰሚራ የኔ ልጅ፣ አንብበሽ ስለጨረስሽ አላህ ያሳድግሽ። መሬቱ ላይ የጻፍሽውን እንዳታጠፊው፤ ዶሮም አይርገጠው። ክራንቹ ሲደርስ ጨርቁን ፍቺና ከ«ደ» ቀኝ እግር ሥር አስጠግተሽ፣ እግሩን እንዲያስረዝመው አጋድሚው። ከዚያ የሆነውን ቃል ለአባትሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢለት።

ታላቅህ ጀይላን
ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.